እፉኝት ነው ወይስ የቤት እባብ? በስምጥ ሸለቆ ገጠሮች እባብን ከሩቅ አይቶ ስለ መለየት



ክረምት ሲገባ ሣሩ ያድጋል፣ እንቁራሪቱና አይጡ ይበዛል፣ የእባቡም ጉድጓድ በጎርፍ ይሞላል። መኸር ሲደርስ ደግሞ ሰው ሁሉ ወደ ማሳ ይወጣል። በአዳማ ዙሪያ፣ በወንጂና በመተሐራ የሸንኮራ እርሻዎች፣ በመቂና በባቱ (ዝዋይ) የሽንኩርትና የቲማቲም ማሳዎች፣ እስከ አርሲ ነገሌና ሻሸመኔ ባሉት ቀበሌዎች የሚኖሩ ቤተሰቦች በእነዚህ ወራት እባብ ማየታቸው የተለመደ ነው። ዘመድ ጥየቃ ወይም ለለቅሶ ከከተማ ወደ ገጠር የሚወጣው ሰው ደግሞ ከገጠሬው የበለጠ ይደናገጣል፤ ምክንያቱም የትኛው እንደሚገድል፣ የትኛው እንደማይጎዳ አያውቅም።

በመድኃኒት ቤት ስንሠራ "እባብ ነደፈው" ብሎ የሚመጣ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚጠይቀው "መርፌው አለ ወይ?" ብሎ ነው። "ምን ዓይነት እባብ ነው?" ስንለው መልሱ "ጥቁር ነው" ወይም "ትልቅ ነው" ከማለት አያልፍም። አንዳንዱ ደግሞ እባቡን ፈልጎ ለመግደል ሲሯሯጥ አንድ ሰዓት ካቃጠለ በኋላ ይመጣል። ሁለቱም አይጠቅሙም። በዛሬው ጽሑፋችን በአካባቢያችን የሚገኙትን እባቦች ሳንቀርባቸው እንዴት እንደምንለያቸው፣ ሰው ቢነደፍ ደግሞ ምን እንደምናደርግ ኢንሻአላህ እንመለከታለን።

ጉዳዩ ቀላል አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በዓለም ላይ በየዓመቱ 5.4 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በእባብ ይነደፋሉ። ከእነዚህ ውስጥ ከ81,000 እስከ 138,000 የሚሆኑት ይሞታሉ፤ ከዚያ የሚበልጡት ደግሞ እጅ ወይም እግር በማጣት ወይም በሌላ ቋሚ ጉዳት ይቀራሉ። ድርጅቱ የእባብ መርዝን ትኩረት ከተነፈጋቸው የቆላ በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ ያስገባው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። "ትኩረት የተነፈጋቸው" የተባለውም ተጎጂዎቹ በአብዛኛው ከከተማ ርቀው የሚኖሩ ገበሬዎች፣ እረኞችና ልጆች ስለሆኑ ነው።

የመጀመሪያው ሕግ ርቀት ነው

እባብን መለየት ማለት እባብን መቅረብ ማለት አይደለም። እባብ ሲወረወር የሚደርሰው ብዙውን ጊዜ ከራሱ ርዝመት ግማሽ ያህል ነው፤ መርዝ የሚተፋው ኮብራ ግን ከሁለት ሜትር በላይ ይደርሳል። ስለዚህ ባያችሁበት ቦታ ቁሙ፤ ከዚያም ቀስ ብላችሁ ቢያንስ አምስት ትላልቅ እርምጃዎች ወደ ኋላ ሽሹ። ልጆችን ከኋላችሁ አድርጉ። እባብ ሰውን አሳዶ አይበላም፤ መውጫ ካገኘ ይሄዳል። ድንጋይ አትወርውሩ፤ ከተነደፉት ሰዎች ጥቂት የማይባሉት እባቡን ለመግደል ወይም ለመያዝ ሲታገሉ የተነደፉ ናቸው።

በእጃችሁ ስልክ ካለ ከቆማችሁበት ሆናችሁ ምስሉን በማቅረብ ፎቶ አንሱ። ለፎቶ ብሎ አንድ እርምጃ እንኳ ወደፊት መሄድ አይገባም።

ምን ምን እንመልከት?

ከሩቅ ሆናችሁ የሚከተሉትን በአእምሯችሁ ያዙ፦

- ውፍረቱ፦ አጭርና ወፍራም ነው ወይስ ቀጭንና ረጅም?
- ጅራቱ፦ በድንገት የሚያልቅ አጭር ነው ወይስ እየቀጠነ የሚሄድ?
- የጀርባው ጥለት፦ ባለ ቅርጽ ነው፣ ባለ መስመር ነው ወይስ አንድ ወጥ ቀለም?
- አኳኋኑ፦ ሰው ሲያይ ሸሸ? ባለበት ተኛ? አንገቱን ዘርግቶ ቆመ?
- ድምፁ፦ በኃይል ተነፈሰ? እንደ መጋዝ ተፋጨ?
- ቦታውና ሰዓቱ፦ መንገድ ላይ፣ ዛፍ ላይ ወይስ ቤት ውስጥ? በቀን ወይስ በሌሊት?

እነዚህን ስድስት ነገሮች ለሐኪም መንገር "ጥቁር ነው" ከማለት እጅግ ይሻላል።

በአካባቢያችን የሚገኙ አደገኛ እባቦች

1. እፉኝት

በኦሮምኛ ቡቲ የሚባለው ነው። በመላው የአፍሪካ ሣራማና ቁጥቋጧማ ምድር ብዙ ሰው ከሚነድፉት እባቦች አንዱ ሲሆን በስምጥ ሸለቆም በስፋት ይገኛል። ርዝመቱ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሜትር አይበልጥም፤ ውፍረቱ ግን የጎልማሳ ክንድ ያህላል። ጭንቅላቱ ሰፊ፣ አንገቱ ቀጭን፣ ጅራቱ አጭር ነው። መሠረታዊው ምልክቱ በጀርባው ላይ ተከታትለው የተደረደሩት ጠቆር ያሉና ወደ ጅራቱ የሚያመለክቱ ቀስት መሰል ጥለቶች ናቸው። መልኩ ከደረቅ ሣርና ከአፈር ጋር ስለሚመሳሰል በሁለት ሜትር ርቀት ላይ እንኳ ላይታይ ይችላል።

እፉኝትን አደገኛ የሚያደርገው ጠባዩ ነው። ሌሎች እባቦች የሰው ኮቴ ሲሰሙ ይሸሻሉ፤ እፉኝት ግን በመልኩ ተማምኖ ባለበት ይተኛል። በምሽት የእግር መንገድ ዳር ተጋድሞ የሚያልፍ አይጥ ይጠብቃል። ሲቆጣ አየር ስቦ በኃይል ይተነፍሳል፤ ያ ድምፅ ማስጠንቀቂያ ነው። ሲሄድ እንደ አባጨጓሬ ቀጥ ብሎ ሊጓዝ ስለሚችል፣ በአቧራ መንገድ ላይ ዱላ የተጎተተበት የሚመስል ቀጥ ያለ ፋና ካያችሁ አካባቢውን በጥንቃቄ ተመልከቱ።

መርዙ ሥጋን ይጎዳል። የተነደፈው ቦታ ወዲያው ያማል፣ ያብጣል፣ ውሃ ይቋጥራል፤ ካልታከመ ሥጋው ሊሞት ይችላል።

2. ኮብራ

ኮብራን የሚያሳውቀው ሲቆጣ ቀና ብሎ አንገቱን ጠፍጣፋ አድርጎ መዘርጋቱ ነው። ነገር ግን ሲሄድ ወይም ሲተኛ አንገቱ እንደማንኛውም እባብ ቀጭን ስለሆነ "አንገቱን ካልዘረጋ ኮብራ አይደለም" ማለት ስህተት ነው። በአገራችን የማይተፋው የግብፅ ኮብራም፣ ጥቁር አንገት ያለው ተፊ ኮብራም ይገኛሉ። በደረቁ ቆላ ደግሞ ቀላ ያለ ቀለምና በጉሮሮው ላይ ጥቁር ቀበቶ ያለው ተፊ ኮብራ አለ።

የግብፅ ኮብራ መርዝ ነርቭን ይይዛል። የተፊው ኮብራ ንክሻ ግን በአብዛኛው እብጠትና የሥጋ መሞትን ያስከትላል። መርዙ ዓይን ውስጥ ከገባ ከባድ ሕመም ያመጣል፤ ችላ ከተባለም ብርሃን ሊያሳጣ ይችላል።

3. ጥቁር ማምባ

ስሙ ያሳስታል፤ ሰውነቱ ጥቁር ሳይሆን ግራጫ ወይም ቡናማ ነው። ጥቁር የተባለው የአፉ ውስጥ ጥቁር ስለሆነ ነው። ቀጭን፣ እጅግ ረጅምና ፈጣን ሲሆን ከሁለት ሜትር ተኩል በላይ ሊደርስ ይችላል። በቀን ይንቀሳቀሳል፤ ዛፍም ይወጣል፤ የሚኖረውም በሞቃታማ ቆላ ቁጥቋጦዎች፣ በድንጋይ ክምርና በአሮጌ ኩይሳ ውስጥ ነው። የነደፈው ቦታ ብዙም ላያብጥ ይችላል። ሰዎች "አላበጠም፣ ደህና ነው" ብለው ሲዘናጉ መርዙ ትንፋሽ ይይዛል።

4. አሸዋማው እፉኝት

ከ30 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ትንሽ እባብ ሲሆን በደረቅ ቆላ ይኖራል። ሲቆጣ ሰውነቱን እንደ ግማሽ ክብ ደራርቦ ሻካራ ቅርፊቱን እርስ በርስ ያፋጫል፤ ድምፁ የመጋዝ ይመስላል። መርዙ ደም እንዳይረጋ ያደርጋል። በሰሜን ምዕራብ የአገራችን ክፍል፣ በመተማና በሁመራ በኩል፣ ለሰሊጥ ሥራ የሚወርዱ የቀን ሠራተኞች በእባብ ይጎዳሉ። በአማራ ክልል አብደራፊ ላይ ድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድን የካላዛርና የእባብ ንክሻ ሕሙማንን ለዓመታት ሲያክም ቆይቷል። ከኛም አካባቢ ለሥራ ወደ ቆላ የሚወርዱ ወንድሞቻችን ይህን ትንሽ እባብ በትንሽነቱ እንዳይንቁት ልንነግራቸው ይገባል።

5. ጥቁሩ የጉድጓድ እባብ

አጭር፣ የሚያብረቀርቅ ጥቁር ወይም ጥቁር ቡናማ፣ ዓይኑ እጅግ ትንሽ፣ አንገቱ ከጭንቅላቱ የማይለይ እባብ ነው። ከመሬት ውስጥ የሚኖር ሲሆን ከዝናብ በኋላ በሌሊት ይወጣል። የመርዝ ጥርሱን አፉን ሳይከፍት ወደ ጎን ማውጣት ስለሚችል ከጭንቅላቱ ሥር ቢያዝም ይወጋል። ልጆች ትል መስሏቸው ይነኩታል። "ትንሽ ጥቁር እባብ በእጅ አይነካም" የሚለውን ለልጆቻችን ማስተማር ግዴታችን ነው።

6. የዛፍ እባብ

ዓይኑ ትልቅ፣ ጭንቅላቱ አጭርና ድቡልቡል፣ ቀለሙ አረንጓዴ ወይም ቡናማ ሆኖ ዛፍ ላይ የሚኖር ነው። ፈሪ ስለሆነ ካልነኩት በስተቀር አይነድፍም። መርዙ ግን ብርቱ ነው፤ የመድማት ምልክቱ ከሰዓታት አልፎ በማግስቱ ሊታይ ይችላል።

የማይጎዱንስ?

አብዛኛዎቹ እባቦች ሰውን አይገድሉም፤ ይልቁንም አይጥ በመብላት እህላችንን ይጠብቃሉ።

የቤት እባብ ቡናማና ለስላሳ ሲሆን ከአፍንጫው ጀምሮ በሁለቱም ዓይኖቹ በኩል የሚያልፍ ፈዛዛ መስመር አለው። አይጥ ፍለጋ ጎተራና ጣሪያ ውስጥ ይገባል፤ መርዝ የለውም። እንቁላል በል እባብ ጥርስ የለውም ማለት ይቻላል፤ ነገር ግን ራሱን ለመከላከል እንደ አሸዋማው እፉኝት ቅርፊቱን ያፋጫል። የሣር እባቦች ቀጫጭን፣ ባለ መስመርና እንደ ጥይት ፈጣን ናቸው፤ በቀን መንገድ አቋርጠው የሚሮጡት ብዙ ጊዜ እነሱ ናቸው።

ዘንዶ (በኦሮምኛ ጀዌ) መርዝ የለውም። በሐይቆችና በአዋሽ ወንዝ ዳር ሊገኝ ይችላል። ፍየል ጠምጥሞ የሚገድል ጉልበት ስላለውና ንክሻው ጥልቅ ቁስል ስለሚያደርግ "መርዝ የለውም" ተብሎ የሚቀረብ አይደለም።

የተሳሳቱ መለያዎች

በሕዝባችን ዘንድ የሚነገሩ አንዳንድ መለያዎች ሕይወት ያስከፍላሉ፦

- "ጭንቅላቱ ሦስት ማዕዘን ካልሆነ መርዝ የለውም።" ይህ ለእፉኝት ይሠራል፤ የኮብራና የማምባ ጭንቅላት ግን ጠባብ ነው።
- "የዓይኑ ብሌን እንደ ድመት ከሆነ መርዛማ ነው።" የማይጎዳው የቤት እባብ ብሌኑ እንደ ድመት ነው፤ ገዳዩ ማምባ ግን ክብ ነው። ደግሞስ ብሌኑን እስክናይ ድረስ ማን ቅረቡ አለን?
- "ሁለት ቀዳዳ ካልታየ መርዝ አልገባም።" አንድ ቀዳዳ ወይም ጭረት ብቻም ሊሆን ይችላል።
- "ትንሽ ነው፣ አይጎዳም።" የእፉኝት ልጅ ከተወለደበት ቀን ጀምሮ መርዝ አለው።
- "ሞቷል።" አዲስ የተገደለ እባብ፣ ጭንቅላቱ የተቆረጠ እንኳ፣ ሊነክስ ይችላል።

ስለዚህ ደንቡ ይህ ነው፦ በእርግጠኝነት የማናውቀውን እባብ ሁሉ እንደ መርዛማ እንቆጥረዋለን።

ስለ እባብ በሐዲስ ከመጣው

ዲናችን በዚህ ጉዳይ ዝም አላለም። ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሁለት ዓይነት እባቦችን በምልክታቸው ለይተው አስጠንቅቀዋል፤ አንደኛው በጀርባው ሁለት መስመር ያለው፣ ሁለተኛው ጅራተ አጭሩ ነው። ጉዳታቸውም የዓይን ብርሃንንና የእርጉዝ ሴትን ፅንስ እንደሚመለከት ተነግሯል። አንድን እባብ በጀርባው ጥለትና በጅራቱ መለየት እንግዲህ ለሙስሊም አዲስ ነገር አይደለም። ሐኪሞችም ደም የሚያፈስ የእባብ መርዝ ለነፍሰ ጡር እናት እጅግ አደገኛ መሆኑን ያውቃሉ።

ወደ መኝታ ስንሄድ ፍራሻችንን በልብስ ጫፍ እንድናራግፍ የታዘዝነውም ከኛ በኋላ ምን እንደገባበት ስለማናውቅ ነው። በሶላት ላይ እያለን እንኳ እባብና ጊንጥ ቢመጣ ራሳችንን እንድንከላከል ተፈቅዶልናል።

በመዲና ቤቶች ውስጥ የሚታዩ እባቦች ከመገደላቸው በፊት ስለሚሰጣቸው የሦስት ቀን ማስጠንቀቂያ በሙስሊም የተዘገበ ሐዲስ አለ። ይህ ለመዲና ብቻ ነው ወይስ ለሁሉም ቤት በሚለው ዓሊሞች ስለተለያዩበት ዝርዝሩን ከነሱ ጠይቁ። ከጤና አንጻር ግን አንድ ነገር ልበል፦ ማስጠንቀቅ ማለት ከእባቡ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ማደር ማለት አይደለም። ልጆቹን ወደ ሌላ ክፍል ወይም ወደ ጎረቤት አሳድሩ፣ በሩን ክፍት አድርጉለት፣ ልምድ ያለው ሰው ጥሩ።

በቤትና በመስጂድ የምናደርገው ጥንቃቄ

- ለፈጅርና ለዒሻ፣ በረመዳንም ለተራዊሕ ስንወጣ ባትሪ እንያዝ፤ እግር የሚሸፍን ጫማ እናድርግ። እፉኝት መንገድ ዳር የሚጋደምበት ሰዓት ይኸው ነው።
- የመስጂድ ውዱእ ማድረጊያ ቦታ ውሃ ሲያቁር እንቁራሪት ይሰበስባል፤ እንቁራሪቱ ደግሞ እባብ ይጠራል። ቧንቧው ይጠገን፣ ውሃው ይፍሰስ።
- ጓሮ የተከመረ ድንጋይ፣ ብሎኬት፣ ማገዶና ገለባ ከቤት ይራቅ። ስናነሳው በእጃችን ሳይሆን በዱላ ቀድመን እናንቀሳቅስ።
- ከመሬት ከፍ ባለ አልጋ እንተኛ፤ አጎበሩን ከፍራሹ ሥር ጠቅጥቀን እናስገባ። አጎበር ከወባ ብቻ ሳይሆን በሌሊት ከሚገባ እባብም ይከላከላል።
- የዶሮ ቤትና ጎተራ ከመኝታ ክፍል ይለይ፤ የአይጥ ቀዳዳ ይደፈን።
- ለቀብር ስንወጣ ረጅም ሣር ውስጥ ከመግባታችንና ድንጋይ ከማንሳታችን በፊት በዱላ እንነካካ።
- ሸንኮራ፣ ጤፍና ስንዴ የሚያጭዱ ቦት ጫማ ያድርጉ፤ አብዛኛው ንክሻ ከጉልበት በታች ነው።

ሰው ቢነደፍ

1. ከእባቡ አርቁት፤ አረጋጉት። እንዳይሮጥ፣ ቢቻልም በእግሩ እንዳይሄድ አድርጉ።
2. ቀለበት፣ አምባር፣ የእጅ ሰዓትና ጫማ ወዲያው አውልቁ፤ እብጠት ከመጣ አይወጡም።
3. የተነደፈውን እጅ ወይም እግር በእንጨት ደግፋችሁ በሻሽ ለቀቅ አድርጋችሁ እሰሩ፤ ዓላማው እንዳይንቀሳቀስ ነው።
4. የተነደፈበትን ሰዓት ጻፉ። የእብጠቱን ጠርዝ በእስክሪብቶ አስምሩና ሰዓቱን ከጎኑ ጻፉ።
5. ካስመለሰው ወይም ካንቀላፋ በግራ ጎኑ አስተኙት።
6. ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል ውሰዱ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። አምቡላንስ ከዘገየ ባጃጅም ሆነ ሞተር ይሁን፤ በሞተር ከሆነ ታማሚው በሁለት ሰው መሐል ይቀመጥ።

ኮብራ ዓይን ውስጥ ከተፋ ወዲያው በብዙ ንጹሕ ውሃ ለ15 እና ለ20 ደቂቃ እጠቡ፤ ውሃ ከሌለ ወተት ይሆናል። አትሹት። ከዚያ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ።

የዓይን ቆብ መውረድ፣ አንድን ነገር ሁለት አድርጎ ማየት፣ ምራቅ መዋጥ ማቃት፣ የምላስ መተሳሰርና የትንፋሽ ማጠር መርዙ ነርቭ መያዙን ያሳያሉ። ከድድ፣ ከአፍንጫ ወይም ከአሮጌ ቁስል መድማት፣ ቀይ ሽንት መሽናት ደግሞ ደሙ አልረጋ ማለቱን ያሳያሉ። እነዚህ ከታዩ አንድ ደቂቃም አታባክኑ። ምልክት ባይታይም ቢያንስ ለ24 ሰዓት በጤና ባለሙያ ክትትል ሥር መቆየት ያስፈልጋል።

ፈጽሞ የማይደረጉ

በገመድ ወይም በጎማ ጠፍሮ ማሰር እጅና እግር ያሳጣል። በምላጭ መብጣት፣ በአፍ መምጠጥ፣ በእሳት ወይም በባትሪ ድንጋይ ማቃጠል፣ ቤንዚንና ጋዝ ማፍሰስ ቁስል ይጨምራሉ እንጂ መርዝ አያወጡም። ጥቁር ድንጋይ የሚባለው ተቃጥሎ የተዘጋጀ አጥንት ነው፤ ሥጋ ውስጥ የገባ መርዝ የመሳብ ኃይል የለውም። የቴትራሳይክሊን እንክብል ከፍቶ ዱቄቱን መነስነስም ጥቅም የለውም።

ለሕመሙ አስፕሪን፣ ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን አትስጡ፤ መድማትን ያባብሳሉ። ፓራሲታሞል ይበቃል። በተለይ ደግሞ ከመድኃኒት ቤት የቴታነስ መርፌ ገዝቶ "ተወግቷል" ብሎ ወደ ቤት መመለስ ትልቅ አደጋ ነው። የቴታነስ መርፌ የእባብ መርዝ ማርከሻ አይደለም።

ሩቅያስ? ከሰሐቦች አንዱ የሆኑት አቡ ሰዒድ አል-ኹድሪ (ረ.ዐ) በዘገቡት መሠረት መርዛማ ነፍሳት የነደፈው የአንድ ጎሳ አለቃ ፋቲሐ ተቀርቶለት እንደተሻለው ይታወቃል። እኛም እንቀራለን፤ ግን በመንገድ ላይ እያለን እንቅራ። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ለበሽታ ሁሉ መድኃኒት እንደወረደ ስለነገሩን መድኃኒቱን መፈለግ ተወኩልን አይቃረንም። ጾመኛ የሆነ ሰው ቢነደፍም መግሪብ እስኪደርስ ሕክምና አይዘገይም።

ስለ መርዝ ማርከሻው መድኃኒት

ማርከሻው የሚዘጋጀው በአብዛኛው ፈረስ በትንሽ በትንሹ መርዝ ተሰጥቶት ደሙ ከሚያመነጨው መከላከያ ነው። በደም ሥር፣ በሐኪም ቁጥጥር፣ አለርጂ ቢነሳ የሚሰጠው አድሬናሊን በአጠገብ ተዘጋጅቶ ይሰጣል። ስለዚህ ገዝተው ቤት የሚወጉት አይደለም። የልጅ መጠን ከአዋቂ አያንስም፤ ምክንያቱም እባቡ ለልጅ ብሎ መርዙን አይቀንስም።

አንዱ ማርከሻ ለሁሉም እባብ አይሆንም። በብልቃጡና በወረቀቱ ላይ ለየትኞቹ እባቦች እንደተሠራ ተጽፏል። ለእስያ እባቦች የተሠራ ማርከሻ በጋናና በቻድ በመሰጠቱ የሟቾች ቁጥር የጨመረበት ጊዜ ነበር። ለ10 የአፍሪካ እባቦች ይሆን የነበረውን ፋቭ-አፍሪክ የተባለ መድኃኒት አምራቹ ሳኖፊ ፓስተር እ.ኤ.አ. በ2014 ማምረት አቆመ፤ የመጨረሻው ምርት ጊዜው ያለፈበትም በ2016 ነበር። ከዚያ ወዲህ ሌሎች ቢኖሩም በየሆስፒታሉ በቀላሉ አይገኙም። ለጥቁሩ የጉድጓድ እባብ በአፍሪካ ለብዙ እባቦች የሚሠሩት ማርከሻዎች አይሠሩም፤ ለዛፍ እባብ ደግሞ ለብቻው የተሠራ ያስፈልጋል። የእባቡን መልክ መናገር የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

ሆኖም እባቡን ያላየ ሰው ተስፋ አይቁረጥ። ሐኪሙ ከምልክቱ ተነስቶ ያክማል። ለምሳሌ ሁለት ሚሊ ሊትር ያህል ደም በንጹሕና ደረቅ የብርጭቆ ቱቦ ተደርጎ ለ20 ደቂቃ ሳይነካ ይቀመጣል፤ ሲዘነብል እንደ ውሃ ከፈሰሰ መርዙ ደም የሚያቀጥን መሆኑ ይታወቃል። ትንፋሽ ለተያዘበት ሰው ደግሞ ማርከሻው እስኪገኝ በመሣሪያ ማስተንፈስ ሕይወት ያተርፋል።

ከመነደፍ በፊት የሚሠራ ሥራ

ሰው ከተነደፈ በኋላ "ማርከሻው የት አለ?" ብሎ ከተማ ለከተማ መዞር ስንት ሰዓት እንደሚበላ አስቡት። ከባቱ ተነስቶ አዳማ ደርሶ "የለም" የተባለ ቤተሰብ ያጣው ጊዜ አይመለስም። ስለዚህ ከክረምት በፊት የየመስጂዱ ኮሚቴ ወይም የየጀመዓው አንድ ሰው በአቅራቢያው ያለውን ሆስፒታል ደውሎ ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ የእባብ መርዝ ማርከሻ አለ ወይ? ለየትኞቹ እባቦች ነው? ከሌለ ወደየት ትልካላችሁ? መልሱን፣ የሆስፒታሉን ስልክና በሌሊት መኪና ወይም ሞተር ያለውን የሰፈር ሰው ስልክ ጽፎ በመስጂዱ በር ላይ ይለጥፍ። ሦስት ወር ሲያልፍ እንደገና ይደውል፤ መድኃኒት ያልቃልና። ደጋግሞ የሚጠየቅ ሆስፒታል መድኃኒቱን ለማዘዝ ምክንያት ያገኛል።

አላህ (ሱ.ወ) ልጆቻችንን፣ እረኞቻችንንና በማሳ የሚለፉ ወንድምና እህቶቻችንን ከክፉ ነገር ሁሉ ይጠብቅልን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላህ።